የሌለ ዘፋኝ የአልበም ሽፋን እንዴት ይሠራል? ለኮርስ ሥራ የሚሆን ዝርዝር መመሪያ

ሥራው ሲሰጥ ቀላል ይመስላል። አንድ የፖፕ ዘፋኝ ከአእምሯችሁ ፍጠሩ፣ የአልበም ሽፋን ሥሩለት፣ አስረክቡ። ደንበኛ የለም፣ ማናጀር የለም፣ «ይሄ ቀለም አይመቸኝም» የሚል ዘፋኝ የለም። ነፃነት በነፃነት ነው።

ችግሩም እዚያው ላይ ነው። በእውነተኛ የሽፋን ሥራ ዲዛይነሩን የሚያማርሩት ሰዎች ናቸው ብዙ ጊዜ ሥራውን የሚያድኑት። ዘፋኟ «እኔ እንዲህ አይደለሁም» ትላለች። አሳታሚው «ስሙ አይነበብም» ይላል። በኮርስ ሥራ ግን እምቢ ባይ ስለሌለ መጀመሪያ የመጣው ሀሳብ ማንም ሳይነካው ለመምህሩ ይደርሳል። የተማሪ ሽፋን የሚመሳሰለውም ለዚህ ነው፦ ሐምራዊ ጭስ፣ የኒዮን መብራት፣ ወደ ሰማይ የምታይ ልጅ፣ ቀጭን ነጭ ፊደል።

ስለዚህ የዚህ መመሪያ ዋና ነገር ሶፍትዌር አይደለም። እምቢ ማለት የምትችል ዘፋኝ መፍጠር ነው። ከዚያ በኋላ ልኬቱ፣ ፎቶው፣ ፊደሉና ቀለሙ ይመጣል። እሱንም እስከ ሚሊሜትሩ እናየዋለን።

ደረጃ 1፦ የሥራውን ወረቀት አንብቡ

አጭር ነው፣ ግን አትዝለሉት። ሦስት ነገር ፈልጉ። አንደኛ፣ የሚረከበው ምን ምን ነው? የፊት ሽፋን ብቻ ነው ወይስ ጀርባው፣ የውስጥ ገጾቹና የዲስኩ ፊትም አሉበት? ሁለተኛ፣ ፎቶው የግድ የራሳችሁ መሆን አለበት? በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የተሠራ ምስልስ ይፈቀዳል? ወረቀቱ ዝም ካለ ጠይቁ፣ መልሱንም በጽሑፍ ያዙት። ሦስተኛ፣ ነጥቡ እንዴት ነው የተከፋፈለው? ለመጨረሻው ምስል ብቻ ሳይሆን ለጥናቱ፣ ለንድፎቹና ለግምገማው የተመደበውን እዩ። እንዲህ ባለ ሥራ ሂደቱ ብዙ ነጥብ ይይዛል።

ከመጀመሪያው ቀን አንድ ፎልደር ክፈቱና ምንም ነገር አታጥፉ። የተጣለ ሀሳብ ለግምገማው ጽሑፍ ወርቅ ነው። ፋይል ስትቀይሩ በላዩ ላይ ሴቭ አታድርጉ፤ አዲስ ቁጥር ስጡት።

ደረጃ 2፦ ዘፋኟን ፍጠሩ

ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ ሁለት መስመር ጽፎ ያልፋል። «የ22 ዓመት የፖፕ ዘፋኝ ናት፣ ስለ ፍቅር ትዘፍናለች።» ይህ ማንንም አይገልጽም። እንዲህ ያለችው ዘፋኝ ያመጣችሁላትን ሁሉ ትቀበላለች።

አንድ ሙሉ ገጽ ጻፉ። የትውልድ ታሪኳን ለጊዜው ተዉት። የሚጠቅማችሁ ሌላ ነው፦ መተዳደሪያዋ ምንድን ነው? ዘፈኖቿን መቼና የት ትጽፋለች? ድምጿ ወፍራም ነው ቀጭን? ሙዚቃው በምን መሣሪያ የተሞላ ነው? ሰዎች የሚሰሟት ሲጨፍሩ ነው ወይስ ብቻቸውን በጆሮ ማዳመጫ? ቁም ሳጥኗ ውስጥ ምን አለ?

ምሳሌ እንያዝ። ለዚህ ጽሑፍ ብቻ ዘፋኟን «ዚራ» እንበላት። 24 ዓመቷ ነው። ሌሊት ሌሊት የደንበኞችን ስልክ እያነሳች ትሠራለች። ዘፈኖቿን የምትጽፈው ጠዋት ከሥራ ስትወጣ ነው። ሙዚቃዋ ዝግ ያለ የሲንተሳይዘር ፖፕ ነው፤ ቤዙ ከባድ ነው፤ ድምጿ ዝቅ ያለ፣ ለወሬ የቀረበ ነው። የሚሰሟት ነርሶች፣ ጥበቃዎች፣ ሾፌሮች፣ ሌሊት የሚያጠኑ ተማሪዎች ናቸው። የመጀመሪያ አልበሟ «ሲነጋ እተኛለሁ» ይባላል።

አሁን ዋናው ነገር ይመጣል። ከገጹ ሥር «እምቢ» የሚል ርዕስ ጻፉና ዘፋኟ በሽፋኗ ላይ በጭራሽ የማትፈቅደውን አምስት ነገር ዘርዝሩ። ከእያንዳንዱ ጎን ምክንያቱን አስቀምጡ። የዚራ ዝርዝር ይህን ይመስላል። ኒዮን መብራት እምቢ፣ ምክንያቱም ሌሊት ለእሷ ጭፈራ አይደለም፣ ሥራ ነው። ጨረቃና ኮከብ እምቢ፣ ሌሊቱን የምታሳልፈው ጣሪያ ሥር ነው። ውድ ቀሚስ እምቢ፣ የላትም። እንባ እምቢ፣ ደክሟታል እንጂ አላዘነችም። ካሜራውን ትክ ብሎ ማየት እምቢ፣ በደከመ ዓይን ማንን ታያለች?

አያችሁ? «ሌሊት» የሚል ነገር ያለበት አልበም ሲሰጠን የምናስበው የመጀመሪያ ሽፋን ገና ሳይሠራ ሞተ። ዝርዝሩ ጥሩ የሚሆነው እናንተን ሲቆጫችሁ ነው። የምትወዱትን ሀሳብ አንድም ካልከለከለ ለይስሙላ ነው የጻፋችሁት።

ሁለት ነገር ጨምሩ። የዘፈኖቹን ርዕሶች ጻፉ፣ ከስምንት እስከ አሥር፣ ከነደቂቃቸው። «ዘፈን 1፣ ዘፈን 2» ብሎ መተው ያስታውቃል። አንዱ ርዕስ አጭር፣ አንዱ ረጅም ይሁን፤ ጀርባውን ስታቀናብሩ የሚገጥማችሁ እውነተኛ ችግር እሱ ነው። ሌላው፣ የፈጠራችሁትን ስም በሙዚቃ መተግበሪያዎችና በመፈለጊያ ሞተር ላይ ፈትሹ። በስሙ የሚጠራ ዘፋኝ ካገኛችሁ ቀይሩት።

ደረጃ 3፦ ሽፋኖችን አጥኑ፣ ግን በዓይን ብቻ አይደለም

ከዘፋኛችሁ ስልት ጋር የሚቀራረቡ ሃያ የአልበም ሽፋኖች ሰብስቡና በአንድ ገጽ ላይ ደርድሯቸው። ከዚያ ቁጠሩ። ፊት ያለባቸው ስንት ናቸው? ፊቱ የካሬውን ምን ያህል ይይዛል? ዓይን ወዴት ያያል? ስሙ ከላይ ነው ከታች ወይስ ጭራሽ የለም? ስንት ቀለም አለ? ይህን በትንሽ ሠንጠረዥ ካስቀመጣችሁት የጥናት ክፍላችሁ ግማሽ አለቀ።

በፖፕ ፊት የሚበዛው ያለ ምክንያት አይደለም። የሚሸጠው ሙዚቃው ብቻ ሳይሆን ሰውየውም ነው። የሚዲያ ጥናት የተማራችሁ ስለ ኮከቦች የጻፈውን ምሁር ሪቻርድ ዳየርን ታውቁታላችሁ። ኮከብ የሚባለው ሰው የተገነባ ምስል ነው ይላል፤ እንደ እኛ ተራ፣ ደግሞም ከእኛ የተለየ መስሎ መታየት አለበት። ዚራ ላይ ስናመጣው፣ ተራነቷ ድካሟ ነው። ልዩነቷ ምኑ ላይ ይታያል? ይህን ጥያቄ ሽፋኑ መመለስ አለበት። ለግምገማውም ዝግጁ አንቀጽ ይሆናችኋል።

ትንሽ ታሪክም እወቁ። ዲዛይነሩ አሌክስ ስታይንዋይስ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ኮሎምቢያ ሪከርድስ የተባለ የሙዚቃ አሳታሚ ሲቀጥረው ሸክላዎች የሚሸጡት ባብዛኛው ደብዘዝ ባለ፣ ምስል በሌለው ወረቀት ተሸፍነው ነበር። እሱ በ1940 በሥዕልና በፎቶ የተሠራ ሽፋን አመጣ። በ1948 የመጣው ኤልፒ ሸክላ ለዲዛይነሩ 31 ሴንቲሜትር ገደማ ስፋት ያለው ካሬ ሰጠው። በ1982 ገበያ ላይ የዋለው ሲዲ ያንን ወደ 12 ሴንቲሜትር አወረደው። ዛሬ ሰው ሽፋኑን መጀመሪያ የሚያየው ስልክ ላይ፣ ከአውራ ጣት በማይበልጥ ስፋት ነው። ለድሮ ሸክላ የተሠራ፣ ሃምሳ ሰው የተደረደረበት ሽፋን እያያችሁ ስትቀኑ ይህን አስታውሱ።

ሙድ ቦርድ፣ ማለትም የሥራውን ስሜት የሚያሳይ የምስልና የቀለም ስብስብ፣ የሚሠራው ከዚህ በኋላ ነው። የሌሎች ሽፋኖችን ብቻ አትለጥፉበት። የጨርቅ ቁራጭ፣ የግድግዳ ቀለም፣ የመስኮት ብርሃን፣ የአልጋ ልብስ ይግባበት። ከሽፋን ብቻ የተሠራ ሙድ ቦርድ ሽፋን ይገለብጣል።

ደረጃ 4፦ በእርሳስ ጀምሩ

ኮምፒውተሩን ዝጉት። ወረቀት ላይ ሦስት ሴንቲሜትር በሦስት ሴንቲሜትር የሆኑ ካሬዎች ሥሩ፣ ቢያንስ ሃያ። በእያንዳንዱ ውስጥ አንድ ሀሳብ። መሳል አልችልም አትበሉ፤ ክብ ለጭንቅላት፣ ሁለት መስመር ለጽሑፍ ይበቃል። ካሬውን ትንሽ ያደረግነው ዝርዝር እንዳታስገቡበት ነው። በሦስት ሴንቲሜትር የማይታይ ሀሳብ ስልክ ላይም አይታይም።

የመጀመሪያዎቹ ስምንት አሥሩ የሁሉም ሰው ሀሳቦች ናቸው። ሳሏቸውና ይውጡላችሁ። ከዚያ እያንዳንዱን ከእምቢ ዝርዝሩ ጋር አገናኙት። በዚራ ጉዳይ ጨረቃ ያለበት መስኮት ወደቀ። የኒዮን ጽሑፍ ወደቀ። የግድግዳ ሰዓት አልተከለከለም፣ ግን ደረቅ ነው። የስልክ ማዳመጫ ያጠለቀች ልጅ ጥሩ ነው፣ ሆኖም ማስታወቂያ ይመስላል። ቀጥሎ «ሲነጋ እተኛለሁ» የሚለውን ቃል በቃል ስንወስደው አንድ ነገር መጣ፦ የሌሊት አልበም፣ የቀን ሽፋን። እኩለ ቀን ነው። መጋረጃው ተዘግቷል። ፀሐይ ከኋላው ታነዳዋለች። ልጅቷ ክንዷን ዓይኗ ላይ ጥላ ተኝታለች።

ይህ ሀሳብ እምቢ ዝርዝሩን ሁሉ አለፈ። ያለ ዝርዝሩ ግን አይመጣም ነበር።

ሦስቱን የተሻሉ ንድፎች ለአምስት ስድስት ሰው አሳዩ። «ያምራል?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ጓደኛ ያምራል ነው የሚለው። «ይህቺ ልጅ ምን ዓይነት ሙዚቃ ትዘፍናለች?» በሉ። የሰጡትን መልስ እንዳለ ጻፉት። «ዝግ ያለ፣ ማታ የሚሰማ» ካሉ ተሳክቷል። «መዝሙር ነው?» ካሉ አንድ ነገር ተበላሽቷል።

ደረጃ 5፦ ልኬቱን ቁረጡ

ፋይሉን ከመክፈታችሁ በፊት ሥራው የሚወጣበትን መልክ ወስኑ።

ለሙዚቃ መተግበሪያ፦ ፍጹም ካሬ፣ 3000 በ3000 ፒክስል፣ አርጂቢ (የስክሪን ቀለም አሠራር)፣ ጄፔግ። ይህ ልኬት በትልልቆቹ መተግበሪያዎች ዘንድ ተቀባይነት አለው።

ለሲዲ የፊት ገጽ፦ 120 በ120 ሚሊሜትር። የጀርባው ካርድ 151 በ118 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ከዚህ ውስጥ በግራና በቀኝ ያሉት 6.5 ሚሊሜትር ገደማ ስፋት ያላቸው ቁራጮች ታጥፈው ጎኑ ይሆናሉ። ዲስኩ ራሱ 120 ሚሊሜትር ስፋት ሲኖረው መሐሉ ላይ 15 ሚሊሜትር ቀዳዳ አለው። የልጅቷን አፍንጫ እዚያ ላይ እንዳታሳርፉት።

ለሸክላ፦ ካሬው 315 ሚሊሜትር ገደማ ነው።

ዲጂፓክ የሚባለው የካርቶን ማሸጊያ ከሆነ የታዘዛችሁት፣ ልኬቱ ከአታሚ አታሚ ስለሚለያይ የአንዱን አታሚ ቴምፕሌት አውርዱና በእሱ ሥሩ። የትኛውን እንደተጠቀማችሁም ጻፉ።

ለሚታተም ነገር ሁሉ በአራቱም ጎን 3 ሚሊሜትር ብሊድ ጨምሩ። ይህ የምስሉ ትርፍ ነው። መቁረጫው አንድ ሚሊሜትር ወዲያ ወዲህ ቢል ነጭ ጠርዝ እንዳይወጣ ይከላከላል። ወደ ውስጥ ደግሞ ቢያንስ 3 ሚሊሜትር ርቀት ውስጥ ጽሑፍ አታድርጉ፤ እኔ 5 እመርጣለሁ። ሪዞሉሽኑ 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ይሁን። የሲዲው ፊት ከነብሊዱ 126 ሚሊሜትር ነው፤ ይህ በ300 ዲፒአይ ወደ 1488 ፒክስል ይመጣል። ሸክላው ከነብሊዱ 321 ሚሊሜትር ሲሆን ወደ 3791 ፒክስል ይጠይቃል። ይህን ቁጥር ያዙት፣ ፎቶው ላይ እንፈልገዋለን።

ሶፍትዌር ላይ ብዙ አትጨነቁ። ፎቶሾፕና ኢንዲዛይን ካላችሁ ጥሩ። ከሌላችሁ ለፎቶው ጊምፕ፣ ለቬክተር ሥዕል ኢንክስኬፕ፣ ለኅትመት ገጹ ስክራይበስ በነፃ ይገኛሉ። ጽሑፉን ፎቶው ላይ አታቅልጡት፤ በራሱ ሌየር (ለብቻው በሚስተካከል ንብርብር) ይቀመጥ።

ደረጃ 6፦ ፎቶውን አንሱ

በስልክ ይቻላል። ሒሳቡን ግን እወቁ። የተለመደው የ12 ሜጋፒክስል ስልክ ፎቶ 4032 በ3024 ፒክስል ነው። ካሬ ስትቆርጡት 3024 በ3024 ይቀራል። ለመተግበሪያው 3000 ስለሚበቃ ልክ ልኩን ሆነ። ትርፍ ግን የለም። «ኋላ እቆርጠዋለሁ» ብሎ ከሩቅ ማንሳት እዚህ ላይ አይሠራም። ሸክላ ካላችሁም ይህ ፎቶ በ315 ሚሊሜትር ላይ ከ240 ዲፒአይ ብዙም አይበልጥም። ለኮርስ ሥራ ያልፋል፣ ነገር ግን ግምገማው ላይ እናንተው ቀድማችሁ ጻፉት።

የስልኩን ሰፊ ሌንስ ፊት ላይ አታስጠጉ፤ አፍንጫ ያሳብጣል። ሁለት ሜትር ያህል ራቁና ስልኩ የቴሌፎቶ ሌንስ ካለው እሱን ተጠቀሙ። በጣት እየሳባችሁ ዙም አታድርጉ፤ ያ አብዛኛውን ጊዜ ፎቶውን ቆርጦ መለጠጥ ነው። ሌንሱን በጨርቅ ጥረጉት። ምንም አይደል ብለን የምንንቀው የጣት ቅባት ብርሃን ሁሉ ላይ ጭጋግ ያለብሳል።

አሁን የዚራን ፎቶ እናንሳ። ከቀትር በኋላ ፀሐይ በቀጥታ የሚመታው መስኮት ምረጡ። መጋረጃው ሳሳ ያለ፣ ቢጫ ወይም ብርቱካናማ ቢሆን ይመረጣል። የክፍሉን መብራት ሁሉ አጥፉ፤ የአምፖሉና የፀሐዩ ቀለም ስለሚለያይ ሲቀላቀሉ ቆዳ ላይ ያስጠላል። ልጅቷ ከመስኮቱ ፊት ለፊት፣ ጎኗን ለካሜራ ሰጥታ ትተኛለች። እንዲሁ ካነሳችሁት ሁለት ነገር ይሆናል፦ ወይ መጋረጃው ነጭ ሆኖ ይቃጠላል፣ ወይ ልጅቷ ጥቁር ጥላ ትሆናለች። ስለዚህ ስክሪኑ ላይ መጋረጃውን ተጭናችሁ ያዙ፤ ትኩረቱና ብርሃኑ ይቆለፋል። ጣታችሁን ወደ ታች ሳቡ፣ የጨርቁ ሽመና እስኪታይ ድረስ ይጨልም። አሁን ልጅቷ ጨልማለች። ከካሜራው በኩል ትልቅ ነጭ ካርቶን ያዙላት፤ የመስኮቱን ብርሃን ወደ ክንዷና ወደ ጉንጯ ይመልሰዋል። ካርቶኑን አንድ ክንድ ያህል አቅርቡት፣ አርቁት፤ ልዩነቱን በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። የምንፈልገው ፊቷ እንዲበራ አይደለም። ሰው መሆኗ እንዲታወቅ ነው።

ብዙ አንሱ፣ የክንዷን ቦታም ደጋግማችሁ ቀይሩ። ክንድ ዓይን ላይ ሲያርፍ እንቅልፍ ይመስላል፤ ግንባር ላይ ሲወጣ ራስ ምታት ይመስላል። የሁለት ሴንቲሜትር ጉዳይ ነው። ለስሙ የሚሆን ባዶ ቦታም አሁኑኑ ተዉ። ከላይ አንድ ሦስተኛው መጋረጃ ብቻ ቢሆን ፊደሉ ማረፊያ አገኘ።

የተነሳችው ልጅ የፈቃድ ወረቀት ትፈርም። ዕድሜዋ ካልደረሰ ወላጅ ይፈርማል። ከኋላ የሚታይ የድርጅት አርማ፣ ፖስተር ወይም የሌላ ሰው ሥዕል ካለ ከቦታው አስወግዱት።

ደረጃ 7፦ ፊደሉ

ስሙና ርዕሱ ሲሶ ሥራ ናቸው፣ ብዙ ሰው ግን የሚሠራቸው በመጨረሻዋ ሌሊት ነው። አንድ ፎንት ምረጡ፤ ቢበዛ ሁለት። ፈቃዱን ፈትሹ። በኤስአይኤል ክፍት የፎንት ፈቃድ የወጡ ፎንቶች ለሽፋን በነፃ ይሠራሉ። «ለግል ጥቅም ብቻ» የሚል ፎንት የኮርስ ሥራን ላያስጠይቅ ይችላል፣ ግን ሥራውን ፖርትፎሊዮ ውስጥ ስታስገቡት ጣጣ ነው።

ፎንት ስትመርጡ ፎንቱን ብቻውን አትዩት። የዘፋኟን ስም ጽፋችሁበት እዩት። በእኛ ፊደል የምትጽፉ ከሆነ ትልቅና ትንሽ ፊደል የሚባል ነገር ስለሌለ ጎላ ማድረግ የምትችሉት በመጠን፣ በውፍረትና በክፍተት ነው። በተለይ ክፍተቱን በእጅ አስተካክሉ፤ «ዚ» እና «ራ» መካከል ያለው ባዶ ቦታ ኮምፒውተሩ እንደሰጣችሁ ከቀረ ስሙ ሁለት ቦታ የተቆረጠ ሊመስል ይችላል። በጣም ቀጭን የፊደል ቅርጽ ሲያንስ ቅጥያዎቹ ይጠፋሉና «ዚ» «ዘ» ሆኖ ይነበባል። ወፈር አድርጉት።

የት ይቀመጥ? እምቢ ዝርዝሩን ጠይቁ። ዚራ የምትጮህ ዘፋኝ አይደለችም፤ ስሟ የካሬውን ግማሽ ቢይዝ አያምርባትም። በሌላ በኩል ገና አልታወቀችም፤ ስሟን ጭራሽ መተው ፊታቸውን ዓለም ለሚያውቃቸው ነው። ስለዚህ መካከለኛ መጠን፣ መጋረጃው ላይ፣ ጥቁር ቡናማ። ንፅፅሩን ለኩት። የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያዎች ለተራ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ1፣ ለትልልቅ ፊደል ደግሞ 3 ለ1 ይጠይቃሉ። ሽፋን ድረ ገጽ ባይሆንም ጥሩ መነሻ ነው። ፊደሉ ካልታየ ጥላና ብልጭታ አትጨምሩበት፤ ቦታውን ወይም ቀለሙን ቀይሩ።

ደረጃ 8፦ ቀለም

ሦስት ቀለም ከፎቶው ውስጥ በሶፍትዌሩ የቀለም መልቀሚያ ውሰዱ። ለዚራ የመጋረጃው ብርቱካን፣ የጥላው ቡናማ፣ የአልጋ ልብሱ አመድማ ነጭ። በፊት፣ በጀርባና በዲስኩ ላይ ከእነዚህ አትውጡ።

ለኅትመት ከሆነ ወደ ሲኤምዋይኬ (የኅትመት አራቱ ቀለም) ስትቀይሩት ይደበዝዛል። ስክሪን በብርሃን ይሠራል፣ ወረቀት በቀለም። በተለይ ቦግ ያለ አረንጓዴ፣ ሮዝና ሰማያዊ በወረቀት ላይ አይወጡም። ኒዮን የወደዳችሁ ልጆች ኅትመቱ ሲመጣ የምታዝኑት ለዚህ ነው። የኅትመት ቅድመ እይታውን ሥራው መሐል ላይ አብሩት እንጂ መጨረሻ ላይ አትደንግጡ። ትንንሽ ጥቁር ጽሑፍ በጥቁር ቀለም ብቻ ይታተም፣ 100 በመቶ። ከአራቱ ቀለም ከተቀላቀለ፣ የማተሚያ ሰሌዳዎቹ በጥቂቱ ሲዛነፉ ፊደሉ ጥላ ያወጣል።

ደረጃ 9፦ ጀርባው ያጋልጣል

የፊት ሽፋኑ አምሮ ጀርባው ሲታይ የተማሪ ሥራ መሆኑ ወዲያው የሚታወቅ ብዙ ነው። ጀርባ ላይ መኖር ያለባቸው ነገሮች ስላሉ ነው።

የዘፈን ዝርዝር ከነቁጥሩ። የፊደሉን መጠን ከ7 ነጥብ (ፖይንት) አታሳንሱት፤ በጨለማ መደብ ላይ ነጭ ከሆነ ከፍ አድርጉት። ረጅሙ ርዕስ ወደ ሁለት መስመር ከተሰበረ አምዱን አስፉ እንጂ ያቺን መስመር ብቻ አታሳንሱ።

የመብት መስመር። ሁለት ምልክት አለ፦ በክብ ውስጥ ያለው ሲ ለጽሑፉና ለምስሉ ነው፤ በክብ ውስጥ ያለው ፒ ለድምፅ ቅጂው። አብዛኛው ተማሪ ሁለተኛውን አያውቀውም። ዓመቱንና የፈጠራችሁትን የአሳታሚ ስም ጻፉ። የእውነተኛ ድርጅት አርማ አትለጥፉ። የወላጆችን ማስጠንቀቂያ የሚሰጠው ያ ጥቁርና ነጭ ምልክትም የአሜሪካ የሙዚቃ ቀረጻ ኢንዱስትሪ ማኅበር የንግድ ምልክት ነው፤ ፏ ለማለት ብቻ አይለጠፍም።

ባርኮድ። መደበኛው የ13 አኃዝ ባርኮድ 37.29 በ25.93 ሚሊሜትር ነው፤ እስከ 80 በመቶ ይወርዳል። ጥቁር መስመር በነጭ ላይ ይሁን። ቀይ መስመር አይሞከርም። ብዙ አንባቢ መሣሪያ ቀይ ብርሃን ስለሚጠቀም ቀዩ ነጭ ሆኖ ይታየዋል። ከሌላ ዕቃ ላይ የተነሳ ባርኮድ አትገልብጡ፤ ለማሳያ የሚሆን ፍጠሩና በማስታወሻችሁ ላይ የማሳያ መሆኑን ግለጹ።

ከዚያ ጎኑ። ስም፣ ርዕስ፣ የካታሎግ ቁጥር፣ በቃ። መደርደሪያ ላይ የሚታየው እሱ ብቻ ስለሆነ ፊት ላይ ከተጠቀማችሁት ፊደል ጋር አንድ ይሁን።

ለመተግበሪያ በሚሄደው የፊት ሽፋን ላይ ግን ባርኮድ፣ ዋጋ፣ የድረ ገጽ አድራሻ፣ የማኅበራዊ ሚዲያ ስም ወይም «ሲዲ» የሚል ቃል አታስገቡ። እውነተኛ አከፋፋዮች እንዲህ ያለውን ይመልሱታል። ሽፋኑ ላይ ያለው ስምና ርዕስም ከተመዘገበው ጋር ፊደል በፊደል መግጠም አለበት።

ለጀርባው ምስል ሌላ ትልቅ ሀሳብ አትፈልጉ። በዚራ ጉዳይ ያው ክፍል ነው። አልጋው ባዶ ሆኗል፣ መጋረጃው ተገልጧል፣ ውጪው ጨልሟል። ሥራ ሄዳለች።

ደረጃ 10፦ ፈትሹት

ፊቱን ወደ 60 ፒክስል አሳንሱና ከሰበሰባችኋቸው ሃያ ሽፋኖች መሐል አስገቡት። ዓይን ያገኘዋል? ከዚያ ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሩት። ስሙ ከመደቡ ጋር ከተዋጠ ንፅፅሩን በቀለም ብቻ ነው የያዛችሁት ማለት ነው። በመጨረሻ በትክክለኛው ልኬት አትሙ፣ ቁረጡ፣ እጠፉ፣ ካላችሁ ፕላስቲኩ ሳጥን ውስጥ ክተቱት። የጎኑ ጽሑፍ የተገለበጠ መሆኑን ስክሪን ላይ ማንም አያየውም፤ በእጅ ሲያዝ ግን በአንድ ሰከንድ ይታያል። ያልደከመው ጓደኛችሁ ፊደል ግድፈት ይፈልግ። እናንተ ከእንግዲህ አታዩትም።

ደረጃ 11፦ ማስረከብ

ለኅትመት ፒዲኤፍ ከነብሊዱና ከመቁረጫ ምልክቱ፣ ፎንቶቹ ውስጡ ተካተው። ለመተግበሪያ ጄፔግ። ዋናው ፋይል ከነሌየሩ። የፋይል ስሙ «የመጨረሻ የመጨረሻ 3» አይሁን፤ የዘፋኟን ስም፣ ክፍሉንና ቀኑን ይያዝ።

ግምገማውን ስትጽፉ «ሥራዬን ወድጄዋለሁ» ከሚል ዓረፍተ ነገር ጀምራችሁ አትድከሙ። የእምቢ ዝርዝሩን ከላይ ለጥፉ። በእሱ ምክንያት የወደቁትን ሦስት አራት ንድፎች ከጎኑ አስቀምጡ። ከእያንዳንዱ ሥር ለምን እንደወደቀና ምን እንደተካው ሁለት ሁለት መስመር ጻፉ። ሰዎች «ምን ዓይነት ሙዚቃ ነው?» ተብለው የመለሱትን ጨምሩ፣ የማይጥማችሁን መልስ ጭምር። ዘፋኟ የከለከለችውን አንድ ነገር ሆን ብላችሁ ጥሳችሁ ከሆነም ለምን እንደጣሳችሁ ጻፉ። ፈታኙ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ሊሆን ይችላል።